ምድር ስትንቀጠቀጥ የሚቆጥሩት አያት

ከሲመሉዌ ደሴት የጉዞ ማስታወሻ



ይህን የጉዞ ማስታወሻ የምጀምረው ከመንገዱ ሳይሆን ከቤቴ ነው። በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ ሲደጋገም የከረመው የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙዎቻችንን ከመኝታችን አስነሥቶን ነበር። እኔና ቤተሰቤ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አልጋው ሲወዛወዝ ብድግ አልኩና ጋቢዬን ጎትቼ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩት። ግቢ ደርሼ ከጎረቤት ጋር ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ነው ባለቤቴና የአራት ዓመት ልጄ ላይ መቅረታቸው ትዝ ያለኝ። ተመልሼ ስወጣ ባለቤቴ ልጁን አቅፋ ስትወርድ ደረጃው ላይ ተገናኘን። እሷም ምንም አላለችኝም፣ እኔም ምንም አላልኳት።

በቀጣዩ የትምህርት ቀን ከተማሪዎቼ አንዷ እጇን አወጣችና፣ «ኡስታዝ፣ ሌሊት ቤታችን ተንቀጠቀጠ። እንደዚያ ሲሆን ምን እናድርግ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም፣ «ምንም አይደለም፣ አላህ ይጠብቀናል። ደብተራችሁን አውጡ» አልኩ። አላህ መጠበቁ እውነት ነው። «ምንም አይደለም» ያልኩት ግን ከልቤ እንዳልነበረ ጋቢዬን ይዤ የወረድኩበት ደረጃ ይመሰክርብኛል። ልጅቷ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ እኔም ጥያቄዋን እዚያው ትቼ የዕለቱን ትምህርት ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

ለዚያ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከወራት በኋላ ሲሆን፣ መልሱን የሰጡኝም ከአገራችን እጅግ ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በምትገኝ ደሴት የሚኖሩ፣ ከቁርኣን ትምህርት በቀር ሌላ ትምህርት ቤት ያልገቡ አንዲት አያት ናቸው።

ወደ ደሴቲቱ

በዚያው ዓመት ለአጭር ጊዜ የመምህራን ሥልጠና ወደ ኢንዶኔዢያ የመሄድ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። አብሮኝ ይሠለጥን የነበረ አንድ መምህር የሲመሉዌ ደሴት ተወላጅ ነው። የዕረፍት ቀናት ሲደርሱ፣ «እንግዳ ይዞ ወደ ቤት መግባት በረካ ነው» አለና ይዞኝ ሄደ።

ሲመሉዌ ከሱማትራ ምዕራባዊ ዳርቻ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕሩ ገባ ብላ የምትገኝ፣ ርዝመቷ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደሴት ናት። የአቼህ ክፍለ ሀገር አካል ስትሆን ሕዝቧ ሙስሊም ነው። ዴቫያን፣ ሲጉላይና ጃሙ የሚባሉ ሦስት ቋንቋዎች ይነገሩባታል። የተሳፈርነው ላቡሃን ሐጂ ከሚባል ወደብ ሲሆን ትርጉሙ «የሐጃጆች ወደብ» ማለት ነው። መኪናውንም፣ ዶሮውንም፣ የሲሚንቶውንም ከረጢት፣ ሰውንም አንድ ላይ የጫነችው መርከብ ሌሊቱን ሙሉ ስትጓዝ አድራ ጠዋት ሲናባንግ ከተባለችው የደሴቲቱ ዋና ከተማ አደረሰችን።

ከወደቡ ወጥተን በሞተር ብስክሌት የባሕሩን ዳር ይዘን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንጓዝ አንድ የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጠጋ ብዬ ባይ በየደጁ ምንጣፍ ላይ የተሰጣ ቅርንፉድ ነው! እናቶቻችን ሻይ ላይ ጣል የሚያደርጉት ቅርንፉድ የዚህች ደሴት ሕዝብ ለብዙ ዘመን የኖረበት ሰብል ኖሯል። ከኮኮናቱ ጥላ ሥር ጎሾች ተኝተው ያመሰኳሉ። ባሕሩ ጸጥ ያለና ሰማያዊ ነው። ይህን አይቶ በዚህ ስፍራ አደጋ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ማን ነው?

ይሁን እንጂ ወደቡ ላይ አንድ ወሬ ሰምተን ነበር። ከመድረሳችን ከሦስት ቀን በፊት ጠንከር ያለ መንቀጥቀጥ ደርሷል፤ የወደቀ ቤት ግን የለም። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ምንም ለውጥ አላየሁበትም። «እንግዲህ ተከታዮቹ አይቀሩም» ብሎ ብቻ ሞተሩን አስነሣ።

ዘጠኝ

የጓደኛዬ ቤተሰብ ቤት ከባሕሩ የድንጋይ ውርወራ ያህል ብቻ ይርቃል፤ ከበስተኋላው ደግሞ በዛፍ የተሸፈነ ኮረብታ አለ። የቤቱ ታላቅ የጓደኛዬ እናት ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ሁሉም «ነኔክ» ይሏቸዋል፤ በኢንዶኔዢያ ቋንቋ አያት ማለት ነው። እኔም እንደ ልጆቹ «ነኔክ» አልኳቸው።

ዒሻን ሰግደን ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ዙሪያውን ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ ብርጭቆዎቹ መንቀጫቀጭ ጀመሩ። ቀጥሎ ከሥራችን ከባድ መኪና እንደሚያልፍ ሁሉ ወለሉ ተርገበገበ። አምፖሉ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። እኔ «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» እያልኩ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። የአዲስ አበባው ሌሊት በእግሬ ሮጬ ነበር፤ አሁን ደግሞ እግር እንዳለኝም ረሳሁ።

ነኔክ ሙስበሓቸውን አነሡ። ጣታቸው ዶቃውን አንድ በአንድ እየገፋ ሲሄድ ዚክር የሚያደርጉ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ስሰማ ግን፣ «ሳቱ፣ ዱዋ፣ ቲጋ . . .» ይላሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ነው። ይቆጥራሉ! ሦስቱ ትንንሽ ልጆች ማንም ሳያዛቸው ብድግ ብለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆመዋል። ዓይናቸው የሚያየው አምፖሉን አይደለም፤ የአያታቸውን ጣት ነው። ነኔክ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ምድሪቱ ጸጥ አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ናት» አሉና ሙስበሓውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ልጆቹ ግን አልተቀመጡም። የሚመጣውን ያውቁታል፤ አያታቸው መጠየቅ ጀመሩ። ጓደኛዬ እየተረጎመልኝ እከታተላለሁ።

«ቆጥሬ ሃያን ባልፍ ኖሮ?»

«ወደ ኮረብታው!»

«ማንን ይዘሽ?»

«ታናሽ ወንድሜን!» አለች የሰባት ዓመቷ ልጅ፣ የወንድሟን እጅ ከፍ አድርጋ እያሳየች።

«ዕቃስ?»

«ምንም!»

«ባሕሩ ሸሽቶ ዓሣው አሸዋ ላይ ሲንደፋደፍ ብታዩስ?»

«ሳንነካ!»

«ማን እስኪጠራን እንጠብቃለን?»

«ማንንም!»

ከቤተሰቡ መካከል ከተቀመጠበት ያልተነሣ ከእኔ በቀር አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ስልኩን ይነካካ የነበረ የአሥራ ስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ነው። «ነኔክ፣ አሁን እኮ ስልክ አለ። አደጋ ካለ ይነግረናል» አላቸው። ነኔክ አልተቆጡትም። «ይንገርህ፤ እየሮጥክ ስማው» አሉት።

ስሞንግ

ውድ አንባብያን፣ የነኔክ ጥያቄዎች ከየት መጡ? መልሱ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1907 ዕለቱ ዓርብ ነበር። ቀትር ላይ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎም ባሕሩ ከዳርቻው ሸሸ። ሰዎችም በደረቁ የባሕር ወለል ላይ የቀረውን ዓሣ ለመልቀም ወረዱ። ባሕሩ ግን እንደ ግድግዳ ሆኖ ተመለሰ። መንደሮች ከነነዋሪዎቻቸው ተጠረጉ። የተረፉት ሰዎች ያንን ውሃ በቋንቋቸው «ስሞንግ» አሉት። ዛሬ ዓለም ሁሉ ሱናሚ የሚለው ማለት ነው።

የተረፉት ሰዎች ሐውልት አላቆሙም፣ መጽሐፍም አልጻፉም። ያደረጉት ነገር ለልጆቻቸው መናገር ነው። ደሴቲቱ ላይ ናፊ-ናፊ የሚባል የተረት ልማድ፣ ናንዶንግ የሚባል ደግሞ የዜማ ልማድ አለ። ስሞንግ በሁለቱም ውስጥ ገባ። እናት ልጇን ስታስተኛ ታንጎራጉረዋለች፤ ገበሬው ቅርንፉድ ሲለቅም ያወራዋል። ከመግሪብ በኋላ ልጆች ቁርኣን ቀርተው ሲጨርሱ ሽማግሌው ይተርክላቸዋል። በአቼህ እንዲህ ያለው የመንደር መስገጃና መማሪያ ቤት «መውናሳ» ይባላል፤ ቃሉም የመጣው እኛም ከምናውቀው «መድረሳ» ከሚለው ነው። የተረቱ ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ ምድር በኃይል ከተንቀጠቀጠች፣ በተለይም ባሕሩ ከሸሸ፣ ምንም ሳትይዝ ወደ ከፍታ ሩጥ።

ነኔክ ተረቱን የሰሙት ከአያታቸው ሲሆን፣ አያታቸው በ1907 ሕፃን ሆነው በጀርባ ታዝለው የተረፉ ናቸው።

ይህ ትምህርት ለዘጠና ሰባት ዓመታት ያህል ለብርቱ ፈተና ሳይቀርብ ቆየ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጠኑ 9.1 የሆነ መንቀጥቀጥ ከሱማትራ በስተምዕራብ ካለው የባሕር ወለል ተነሣ። ሲመሉዌ ለመነሻው እጅግ ቅርብ ነበረች። በሰሜን ጫፏ ላንጊ ከተባለች መንደር የመጀመሪያው ማዕበል የደረሰው መንቀጥቀጡ በቆመ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሲሆን፣ ከፍታውም ከአሥር ሜትር ይበልጥ ነበር። ቤቶቹ በሙሉ ተጠረጉ። ስምንት መቶ የሚሆኑት ነዋሪዎች ግን ሁሉም ኮረብታው ላይ ነበሩ። አንድም ሰው አልሞተም፤ ሱብሐነላህ!

በመላ ደሴቲቱ 78,000 ገደማ ከሚሆነው ሕዝብ መካከል የሞቱት 7 ሰዎች ናቸው። ይህን ከሌላው ጋር ስናስተያይ ልብ ያዝናል። ተረቱ በሌለበት በአቼህ የብስ ላይ ከ160,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል ወይም ደብዛቸው ጠፍቷል፤ በየአገሩ ያለቀው ሲደመር ደግሞ ወደ 230,000 ይደርሳል። ያው ማዕበል ውቅያኖሱን ተሻግሮ በእኛው ቀንድ፣ በሶማሊያዋ ሐፉን ዳርቻ ያሉ ዓሣ አጥማጆችን ሳይቀር ፈጅቷል።

ትንሿ ትልቁን ስትከተል

በማግሥቱ ከሱብሒ በኋላ ጓደኛዬ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰደኝ። ከውሃው በላይ ደርቆ የቆመ፣ ጠረጴዛ የሚያህል ግራጫ ድንጋይ በየቦታው ይታያል። «ይህ ድንጋይ አይደለም፤ ኮራል ነው። ከ2004 በፊት ውሃ ውስጥ ሕይወት ነበረው» አለኝ። በዚያ ጠዋት የደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ኮራሉ ከውሃ ወጥቶ ሞተ። ከሦስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 2005 ሌሊት፣ መጠኑ 8.6 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ የደቡቡ ዳርቻ ከፍ አለ። በጎረቤት ደሴት በኒያስ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሕንፃ ተንዶባቸው ሞቱ።

ኬሪ ሲ እና ዳኒ ሂልማን ናታዊጃጃ የተባሉ የሥነ ምድር ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ኮራሎች እንደ ዛፍ ቀለበት አንብበዋቸዋል። ኮራሉ ከዝቅተኛው የውሃ ልክ በላይ ማደግ ስለማይችል፣ ምድር ስትሰምጥ ወደ ላይ ያድጋል፤ ምድር ስትነሣ አናቱ ይሞታል። የባሕሩን ወለል የተሸከመው የምድር ንጣፍ ሱማትራን ወደ ተሸከመው ንጣፍ ሥር በየዓመቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይገባል። ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ ተያይዘው ሲቆዩ ደሴቶቹ ቀስ እያሉ ይሰምጣሉ። የተያያዘው ሲላቀቅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ትልቁ መንቀጥቀጥ ይህ መላቀቅ ነው።

ታዲያ ትናንት ማታ የመጣችው ትንሿ ምንድን ናት? ጓደኛዬ እንደ መምህርነቱ አሸዋው ላይ በእንጨት እየጻፈ አስረዳኝ። ትልቁ ሲላቀቅ በዙሪያው ያለው ዐለት ሁሉ ሸክሙ ይለወጥበታል። ያ ዐለት ለአዲሱ ሸክም ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ የሚያደርገው መንፈራገጥ ተከታይ መንቀጥቀጥ ይባላል። ፉሳኪቺ ኦሞሪ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1894 እንዳሳየው፣ የተከታዮቹ ብዛት ጊዜ በሄደ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። በአሥረኛው ቀን የሚመጡት የመጀመሪያው ቀን አንድ አሥረኛ ያህል ናቸው። ይሁን እንጂ እየሣሱ ይሄዳሉ እንጂ ቶሎ አያልቁም፤ ከታላላቆቹ በኋላ ለዓመታት ሊቀጥሉ ይችላሉ።

መጠናቸው ከ4 እስከ 4.9 የሆኑት «ቀላል» ይባላሉ። መጠኑ በአንድ ሲጨምር የሚወጣው ኃይል ወደ 32 እጥፍ ስለሚያድግ፣ መጠኑ 9 የሆነው መጠኑ 5 ከሆነው አንድ ሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ብርጭቆ ያንቀጫቀጨችው የትናንቷና የ2004ቱ አንድ ስም ቢጠሩም እንዲህ የተራራቁ ናቸው።

«እንግዲያው ለትንሿ ይህን ሁሉ መሰለፍ ለምን አስፈለገ?» ስል ጠየቅሁት። ጓደኛዬ ወደ ደቡብ እያመለከተ የመንታዋይ ደሴቶችን ታሪክ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 2010 ሌሊት እዚያ የተሰማው መንቀጥቀጥ ለስላሳ ነበር። ቤት አላፈረሰም። «ቀላል ናት» ብለው ብዙዎች ወደ መኝታቸው ተመለሱ። መንቀጥቀጡ ግን በጣም ረጅም ነበር። ከባሕሩ ሥር የተላቀቀው በዝግታ ስለተላቀቀ ቤቱን ሳያናውጥ ውሃውን አነሣው። መጠኑም 7.8 ያህል ነበር። ማዕበሉ ከ400 በላይ ሰዎችን ወሰደ።

«ስለዚህ እናቴ ምን ያህል እንደከበደች አይደለም የምትለካው» አለኝ። «ምን ያህል እንደቆየች ነው። ትምህርት ቤትም ለልጆቹ የምናስተምራቸው ይህንኑ ነው፤ ሃያ ሰከንድ ከቆየች፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ ሃያ ሜትር ከፍታ። እናቴ ግን ሃያ ደቂቃውን አትቀበልም፤ ላንጊ ስምንት ደቂቃ ነው ያገኘችው ትላለች።» አገሪቱ ከ2008 ጀምሮ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አላት፤ ማስጠንቀቂያው በአምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ እንዲወጣ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። አምስቱ ከስምንት ሲቀነስ ሦስት ይቀራል። ነኔክ ይህን ሒሳብ በትምህርት ቤት ባይማሩትም «እየሮጥክ ስማው» ያሉት ለዚህ ነው።

የነኔክ ገመና፣ የእኔም ገመና

በሦስተኛው ቀን ከዓስር በኋላ ነኔክ ቅርንፉድ ሲያበጥሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። የዚያን ማታ ደርቄ መቅረቴን አንሥተው፣ «ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሉኝ። «አላህን እያወሳሁ ነበር» አልኳቸው። ሣቅ አሉና፣ «ምላስህ አላህን ያውሳ፤ እግርህ ግን አይተኛ» አሉኝ።

አፈርኩ። ግመሌን ልሰር ወይስ ፈትቼ ልመካ ብሎ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቀውን ሰው ሐዲስ እኔ መድረሳ ሳለሁ በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ። ያጠናሁት ግን ለምላሴ ብቻ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያልጠበቅሁትን አደረግሁ። ለባለቤቴ እንኳ ያልተናገርኩትን የደረጃውን ነገር ለነኔክ ነገርኳቸው። ጓደኛዬ ሲተረጉም ዓይኔን ቅርንፉዱ ላይ ተከልሁ። ነኔክ እጃቸውን ከማበጠሪያው አላነሡም። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «በስሞንጉ ጠዋት እኔ ተረቱን አውቀው ነበር፤ ሮጥኩም። ኮረብታው ላይ ስደርስ በእጄ የያዝኩት የቅርንፉድ ከረጢት ነው። የልጄ ልጅ እታች ቀርታለች። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለት፣ በትከሻው ተሸክሟት መጣ። ተረቱ ሩጥ ይላል፤ የማንን እጅ ይዘህ እንደሆነ ግን አይልም ነበር። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ያቺ ልጅ ዛሬ የእነዚያ የሦስቱ ልጆች እናት ናት። በዚያ ማታ በር አጠገብ ቆማ ነበር።

ለካ «ማንን ይዘሽ?» የምትለው ጥያቄ ከ1907 የመጣች አይደለችም። የነኔክ ጸጸት ናት። ጸጸታቸውን ደብቀው ከመኖር ይልቅ ለልጆቹ ትምህርት አደረጉት። ዛሬ ዕድሜው ከሃያ ዓመት በታች የሆነ ማንም የደሴቲቱ ልጅ የ2004ቱን ውሃ አላየም። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ወጣት ስልኩን ቢያምን አይፈረድበትም፤ እሱ የሚያውቀው ብርጭቆ የምታንቀጫቅጨውን ትንሿን ብቻ ነው። ለነኔክ ግን ትንሿ የምትመጣው ተረቱን ለማስታወስ ነው። በጸጥታ ቀን ልጆችን ሰብስቦ ስለ ሞት ማውራት ይከብዳል፤ አምፖሉ እየተወዛወዘ ሳለ ግን ሁሉም ይሰማል። ልጆቹን አያስፈራራቸውም ወይ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። «የሚያስፈራው ምን እንደሚያደርጉ አለማወቃቸው ነው» አሉኝ።

ከደሴቲቱ በተመለስንበት ዋዜማ ማታ አንዲት ሌላ ትንሽ መጣች። ነኔክ አራት ላይ ሳይደርሱ ቆመች። በዚያች ማታ የቆምኩት ከልጆቹ ጋር ነው። ወጣቱም ስልኩን እንደያዘ ቢሆንም ተነሥቶ ነበር።

ወደ ቤት

አዲስ አበባ ባሕር የላትም፤ ስሞንግ አያሰጋንም። በተፈጥሮዋ የምትሰነጠቅ የስምጥ ሸለቆ ምድር ግን ከጎናችን አለች። ስለዚህ የነኔክን መልስ እንዳለ ሳይሆን ለአገራችን በሚሆን መልኩ ለተማሪዎቼ አቀረብኩላቸው። ምድር እየተንቀጠቀጠች ሳለ ደረጃ ላይ አትሩጡ፤ እኔ ያደረግሁት ስሕተት ነበር። ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ራቁ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡና ጭንቅላትና አንገታችሁን ሸፍናችሁ እግሩን አጥብቃችሁ ያዙ። ሲቆም ያለ አሳንሰር ውረዱና ከሕንፃና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ተከታይ ሊኖር ስለሚችል ወዲያው ተመልሳችሁ አትግቡ። ቤተሰቡ የት እንደሚገናኝና ማን የማንን እጅ እንደሚይዝ ዛሬውኑ ተነጋገሩ።

ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ እጇን አወጣች። «ኡስታዝ፣ ያን ጊዜ ምንም አይደለም ብለውን ነበር እኮ» አለችኝ። «አዎን፣ ተሳስቼ ነበር» አልኳት።

ማታ ቤት ስገባም ለባለቤቴ ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። እሷም፣ «እስክትናገረው እየጠበቅሁህ ነበር» አለችኝ። አሁን በየወሩ መጀመሪያ፣ አዲሱ ጨረቃ ሲታይ፣ ከእራት በኋላ ሙስበሓውን አነሣና መቁጠር እጀምራለሁ። ልጄ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። እናቱ አጠገቡ ትሆናለች። ባለፈው ወር ስድስት ላይ ስደርስ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ትንሽ እጅ ወጥታ የቀሚሴን ጫፍ ጎተተች፤ እኔ ገና ውጭ ቆሜ ነበርና።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ።